እልልታ በቀዶ ሕክምና ክፍል

መሪጌታ ዕንባቆም ከቀዶ ሕክምናው ነቅተው ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሰሙት እልልታ ነበር። ሞቻለሁ ማለት ነው፣ ብለው አሰቡ። ቀጥለው ደግሞ፣ ከሞትሁ ዘንድ አቀባበሉ ደግ ነው፣ ብለው ተጽናኑ። ነገር ግን ከግርጌያቸው ቆማ እልል የምትለው ሴት በአንድ እጇ ፔርሙስ፣ በሌላው የፕላስቲክ ጫማ ይዛ ነበር። በሰማይ ቤት ፔርሙስ ምን ይሠራል?

«ማን ወለደ?» አሉ። ጉሮሯቸው ደርቆ፣ በአፍንጫቸው የገባው ቀጭን ቱቦም ድምፃቸውን አፍኖት፣ ቃሉ እንደ አሮጌ በር ሲጥ እያለ ወጣ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተ ማርያም ብድግ ብለው ግንባራቸውን ዳበሱ። «እሰይ፣ ነቁልኝ! ማንም አልወለደም።»

«ታዲያ እልልታው ምንድን ነው?»

ወይዘሮ ለተ ማርያም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «እሱን ይተዉት» አሉ።

መልሱ የመጣው ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ነው። ጌትነት የሚባል ባጃጅ ነጂ፣ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶበት ከፀዳ ከተማ የመጣ ልጅ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ «ፈሳሁ አባቴ! ፈሳሁ! ሻይ ተፈቀደልኝ!» ሲል አበሰራቸው።

መሪጌታ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። ሞቼ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ብለው አሰቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ክፍል ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ሰው አንጀቱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ምንም አይቀምስም። ውኃ የለም፣ ሻይ የለም፤ ከንፈሩ በርጥብ ጥጥ ይዳበሳል፣ ሌላው ሁሉ በክንዱ ከተሰካው ግሉኮስ ይገባል። የአንጀትን ሥራ መጀመር የሚያበስረው ደግሞ ኤክስሬይ አይደለም፣ የደም ምርመራም አይደለም፤ ያው ጌትነት ያበሰረው ነገር ነው። ስለዚህ በሌላው ዓለም አንገት የሚያስደፋው ጉዳይ እዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ፈተና ውጤት ይጠበቃል። ለአንዱ ሲሳካለት አስታማሚዎች እልል ይላሉ፣ ነርሷ ታጨበጭባለች፣ ሻይ ይመጣል። የኮሪደሩ ጥበቃም አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ «የወሊድ ክፍል መሰላችሁ እንዴ? ደግሞ ማን ወለደ?» ብሎ ተቆጥቶ ይሄዳል።

መሪጌታ ዕንባቆም እንዲህ ላለ ቦታ የተፈጠሩ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጎንደር አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሳይጠመጥሙ ከደጅ የማይወጡ፣ ማስነጠስ ሲመጣባቸው ከጉባኤው ተነሥተው፣ ከግቢው ጥድ ኋላ ጨርሰው የሚመለሱ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ሲያዛጉ አይተው አያውቁም። አንጀታቸው የተጠመዘዘው እንኳ ማሕሌት ቆመው ሳለ ነው፤ ሕመሙ እንደ ገመድ ሲያከራቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ዜማው ሳይፈርስ እስከ መጨረሻው አደረሱት። የወደቁት ከዚያ በኋላ ነው።

«የተጠመዘዘውን ቆርጠን ጤነኛውን ቀጥለነዋል» አላቸው ዶክተር ኢዮስያስ በማግስቱ በየአልጋው እየዞረ ለሚያይበት ራውንድ ሲመጣ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገር በሽተኛውን ሳይሆን ሰዓቱን የሚያይ ወጣት ሐኪም ነው። «ከእንግዲህ የምንጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፈስተዋል አባቴ?»

ከኋላው ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች እስክርቢቶ አዘጋጅተው ቆመዋል። ግማሾቹ ሴቶች ናቸው።

መሪጌታ ኮርኒሱን አዩ። «የለም።»

«ትንሽም?»

«ልጄ፣ የለም አልሁህ።»

«ዶክተር፣ ጠበል እንኳ ቢቀምሱ?» አሉ ወይዘሮ ለተ ማርያም።

«ይርጯቸው፣ ይቀቧቸው እማማ። በአፍ ግን አይሆንም። ካልፈሱ ምንም።»

ሲስተር ቃልኪዳን ትሻላለች። ቃሉን እንዳለ አትጠራውም፤ ወደ ጆሯቸው ዝቅ ብላ፣ የአየሩን ጠባይ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ «አየር አለ የኔታ?» ትላለች። ለዚህ ጨዋነቷ መሪጌታ በልባቸው መርቀዋታል። አየር ግን አልነበረም።

በቀኝ በኩል ያለው አልጋ የአያ ደመቀ ነው። ከዛሪማ በኩል የመጣ ገበሬ ሲሆን፣ የሁለቱም ሕመም አንድ፣ የተከፈቱበት ቀንም አንድ ነው። «የአንጀት ወንድምዎ ነኝ እኮ የኔታ» ይላል። እሱም ይጠብቃል፤ አጠባበቁ ግን ሌላ ነው።

«ምነው ይኸ ነገር ሲፈልጉት እንዲህ ይኮራል?» ይላል ሆዱን እየዳበሰ። «ቤቴ ሳለሁ በሬዎቼን ያስደነብር አልነበረም?»

«አያ ደመቀ፣ በስልክ ጥራዋ!» ይላል ጌትነት። «ኔትወርክ የላትም ይሆናል።»

የአያ ደመቀ ልጅ ብርቄ፣ አባቷን ልታስታምም የመጣች ኮረዳ፣ ሳቋን ለመደበቅ አልጋው ሥር ጫማ የምትፈልግ ትመስላለች። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ትከሻቸው ግን አንዳንዴ ንቅንቅ ይላል፤ ወይዘሮ ለተ ማርያም አይተውታል።

መንቀሳቀስ ይረዳል ስለተባለ መሪጌታና አያ ደመቀ በየቀኑ በኮሪደሩ ይመላለሳሉ። ወይዘሮ ለተ ማርያም የአንዱን፣ ብርቄ የሌላውን ግሉኮስ እንደ ዣንጥላ ከፍ አድርገው ይይዛሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መሀል መሀሉን በዝግታ ሲራመዱ፣ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ሳያስበው ገለል ይላል። አንዲት አሮጊትማ ተሳልመዋቸዋል።

ቅዳሜ ዕለት ግን ዶክተር ኢዮስያስ ሰዓቱን ማየት ትቶ መሪጌታን አየ። «እስከ ሰኞ ጠዋት ካልሆነ፣ ቅጥያው ላይ ችግር አለ ማለት ነው። እንደገና ከፍተን ማየት ሊኖርብን ነው» አለ።

የመሪጌታ እጅ በጋቢው ውስጥ ስፌታቸውን ፈለገ። የመጀመሪያውን ቢላዋ ሳያውቁት ነው ያለፉት፤ ሁለተኛው ግን እያወቁት ሊመጣ ነው። ሁለቴ የተከፈተ ሆድ ይዘው እንደ ቀድሞው ማሕሌት ይቆሙ ይሆን? ያቺን ጥያቄ ለማንም አልነገሩም። ውኃ ጥሙ እንኳ ከእሷ ጋር ሲተያይ ቀላል ሆነባቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብሩ በሙሉ መጣ። ታላቅ ሰው ሲታመም አንድ ሁለት ሆኖ መጠየቅ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ አለቃው ቀድመው፣ ካህናቱ ተከትለው፣ ተማሪዎቹ ብርቱካን ተሸክመው፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ክፍሉን ሞሉት። ጥበቃው «ተራ በተራ!» ሊል ጀምሮ የአለቃውን መስቀል ሲያይ ተሳልሞ ዝም አለ። ከሁሉም መጨረሻ፣ በደንብ በተተኮሰ ኮት፣ አቶ መዝሙር ገቡ። አቶ መዝሙር የመሪጌታ ወንድ ልጅ ያጫት ልጃገረድ አባት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ሁለቱ አባቶች ገና አልተላመዱም፤ እስካሁን የተነጋገሩት ስለ ዝናብ ብቻ ነው።

«እግዜር ይማርዎ መሪጌታ።»

«ያክብርልኝ። ዝናቡስ እንዴት ነው?»

«ዘንድሮ አርፍዷል» አሉ አቶ መዝሙር። ከዚያ ሁለቱም ዝናቡን ፍለጋ በመስኮቱ አዩ።

ደግነቱ አለቃው «እንጸልይ» አሉ። የተቀመጠ ተነሣ፤ ጌትነት እንኳ ስልኩን ትራሱ ሥር ሸጎጠ። መሪጌታ ሆዳቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲነቃ የተሰማቸው በዚህ ጊዜ ነው። መጀመሪያ እንደ ድመት ተንጠራራ። ቀጥሎ ተንከባለለ። ከዚያም መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይመስል ቀጥ ብሎ ወረደ። እግራቸውን አጣበቁ፣ ጥርሳቸውን ነከሱ፣ የቻሉትን ቅዱስ ሁሉ ጠሩ፤ የተሰፋ ሆድ ግን እንደ ጥንቱ አይታዘዝም። አለቃው የመጨረሻውን ቃል ተናግረው፣ ሰው ሁሉ አሜን ሊል ትንፋሹን በሳበባት በዚያች ጸጥታ ውስጥ ወጣ።

ዕድሜ ልካቸውን ድምፅ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸውና ሳይወዱ በግድ መዘኑት። አነሣሡ ዝቅ ያለ፣ አካሄዱ ረጅም፣ አጨራረሱ ላይ ደግሞ ትንሽ ያዘነ ነበር።

አሜን የሚለው ሰው ጠፋ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አቶ መዝሙር የጫማቸውን ክር መመርመር ጀመሩ። የመሪጌታ ጆሮ እንደ ጋለ ብረት ጋለ፤ አልጋው ተከፍቶ እንዲውጣቸው ጠበቁ፤ የሆስፒታል አልጋ ግን ለዚህ አልተሠራም።

«ይቅር በሉኝ አባቶቼ!»

አያ ደመቀ በክርኑ ተነሥቷል። «የኔ ነው! የኔ የባለጌው ነው። በጸሎት መሀል፣ አይ እኔ!»

«አያ ደመቀ ፈሳ!» ብሎ ጮኸ ጌትነት። «ኧረ እልል በሉ! ምን ትጠብቃላችሁ!»

አስታማሚዎች እልልታውን አቀለጡት። የደብሩ ሴቶች ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሲስተር ቃልኪዳን እየሮጠች ገብታ፣ እያጨበጨበች፣ «አያ ደመቀ! እንኳን ደስ ያለዎት!» ስትልና ነገሩን ስታስረዳቸው ግን፣ እነሱም ከታፈነ ሳቃቸው ጋር እልልታውን ለቀቁት። አለቃው ጭንቁ ሲለቃቸው ፊታቸው በራ። «እንግዲያማ ምስጋና ይገባል!» ብለው ወደ አያ ደመቀ አልጋ ዞሩ፤ ባረኩት። ካህናቱም ዞሩ። ተማሪዎቹ ብርቱካኑን በአያ ደመቀ ራስጌ ደረደሩት። አቶ መዝሙር እንኳ እጁን ጨበጡት።

መሪጌታ ምስጋናቸው ወደ ጎረቤት አልጋ ሲሄድ በዓይናቸው ተከተሉት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በፈስ ቀኑ።

ሲስተር ቃልኪዳን የአያ ደመቀን የአፍንጫ ቱቦ አወጣችለት፤ ሻይ አዘዘችለት። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዘወር ብላ፣ «አይዞዎት የኔታ፣ የእርስዎም ይመጣል። ወይስ አየር አለ?» አለቻቸው በሹክሹክታ።

አቶ መዝሙር ከራስጌያቸው ቆመው ነበር።

«የለም» አሉ መሪጌታ።

ጠያቂው ሁሉ ወጥቶ፣ ወይዘሮ ለተ ማርያምም ሊሸኙ ተከትለው ሲሄዱ፣ መሪጌታ ወደ ቀኝ ዞሩ። «አያ ደመቀ፣ ምን ማድረግህ ነው?»

«ምን አደረግሁ? በኛ አገር ትልቅ ሰው ሲያመልጠው አጠገቡ ያለው ይቀበለዋል። ድሮ በዚሁ በጎንደር ለእመቤቶች ይኸንኑ የሚቀበል አሽከር ነበር ይባል የለም? እኔ ገበሬ ነኝ፤ ማንም አይታዘበኝም።»

«ያንተ ግን አልወጣም!»

«ይወጣላ። ዛሬ ባይወጣ ነገ።»

«ሻዩን አትጠጣ እንግዲያው።»

«ምነው? ባልጠጣ ያውቁብናል» አለ አያ ደመቀ፣ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ እየወሰደ። «ደግሞ ሸጋ ሻይ ነው።»

ወደ ማታ ሲሆን አያ ደመቀ ቀልዱ ቀነሰ። ጌትነት ሦስቴ ነካካው፤ አንዴ ብቻ መለሰለት። «ሆዴ ትንሽ ነፋ አለ እንጂ ሸጋ ነኝ» አለና በጣቱ መታ መታ አደረገው። ድም፣ አለ። መሪጌታ ያንን ድምፅ ያውቁታል፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ቆዳው የተወጠረ ከበሮ ድምፅ ነው።

አሁን ሊናገሩ ቆረጡ። ሲስተር ቃልኪዳን ወደ ቤቷ ሄዳ፣ ሌላ ተረኛ ነርስ ገብታለች፤ ፊቷ ልጅ እግር፣ ዓይኗ ጥያቄ ብቻ። መሪጌታ ጠሯት። ቃሉን በአማርኛ ሊሉት ሞከሩ፤ ከምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ሞከሩ፤ ልጅቷ ደግሞ ሴት ልጃቸውን መሰለቻቸው። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ነውሩን በግእዝ ሸፍነው፣ «ወፅአ ነፋስ እምኔየ» አሉ፤ ነፋስ ከእኔ ወጣ ማለታቸው ነው።

«አሜን» አለች ነርሷ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ። «ለእኛም ይጸልዩልን የኔታ።» ጋቢውን አስተካክላላቸው ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ራውንዱ የጀመረው ከእሳቸው አልጋ ነው። ዶክተር ኢዮስያስ ከተማሪዎቹ ጋር መጣ፤ ሲስተር ቃልኪዳንም ተመልሳለች። አቶ መዝሙር ደግሞ ወደ ሥራ ሲሄዱ ጎራ ብለው፣ ራውንዱ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ዛሬስ አባቴ? ፈስተዋል?»

መሪጌታ ኮርኒሱን አዩ። ኮርኒሱ አልረዳቸውም።

ዶክተሩ ሆዳቸውን ዳበሰ፤ ጫን ጫን አደረገ፤ ማዳመጫውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሰማ። ግንባሩ ተቋጠረ። ማዳመጫውን ለአንዷ ተማሪ ሰጣት፤ እሷም ሰምታ ግንባሯን ቋጠረች። «የሚገርም ነው» አለ። «ሆዱ ለስላሳ ነው። አንጀቱ ይንቀሳቀሳል። እንዲያውም ከሁላችንም ይሻላል። ታዲያ አየሩ የት ሄደ?»

ወይዘሮ ለተ ማርያም ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«ይህማ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ኤክስሬይ ይነሡ፤ ከዚያ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ልንመልስዎ እንችላለን። እማማ፣ ፊርማ ያስፈልገናል።»

ልክ በዚያን ጊዜ ብርቄ በሌላው በር ገባች። ትኩስ አጥሚት በትልቅ ኩባያ ይዛለች፤ ትናንት ማታ ተፈቅዶ፣ ከአዘዞ ዘመድ ቤት ሠርታ ያመጣችው ነው። «አባዬ፣ እስኪ ይኸን ጠጣ» አለችው።

አያ ደመቀ ኩባያውን ተቀበለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጋቢው ከሆዱ ላይ እንደ ድንኳን ተነሥቷል። ኩባያውን አየ፤ ዶክተሩን አየ፤ መሪጌታን አየ። ቀስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ጠቀሳቸው። ከዚያ ቁርጡን እንዳወቀ ሰው ትንፋሹን ስቦ፣ ኩባያውን ወደ አፉ አነሣ።

«ደመቀ! አትጠጣ!»

ማይክሮፎን ሳይኖር ከቅኔ ማሕሌት እስከ ደጀ ሰላም የሚሰማው ያ ድምፅ ነው የወጣው። በአፍንጫቸው ያለው ቱቦ ተንቀጠቀጠ። ብርቄ ኩባያውን ከአባቷ እጅ ነጠቀች። አንዷ ተማሪ እስክርቢቶዋን ጣለች።

«ዶክተር» አሉ መሪጌታ፣ በዚያው ድምፅ፤ አንዴ ከተነሣ ማውረዱ አቅቷቸው። «የትናንቱ ፈስ የእኔ ነው!»

አቶ መዝሙር ከበሩ አንገታቸውን አሰገጉ።

«የትኛው?» አለ ዶክተር ኢዮስያስ።

«በጸሎት መሀል የወጣው! ረጅሙ! ይህ ሰው ነውሬን ተቀበለልኝ እንጂ የእሱ ጠብ አላለም። ሆዱን እየው፤ ከበሮ ሆኗል። እኔን አትክፈተኝ፤ እሱንም አታብላው!»

ዶክተሩ ወደ ቀኝ ዞረ። ጋቢውን ገለጠ፤ በጣቱ መታ አደረገው። ድም፣ አለ።

«አያ ደመቀ፣ እውነት ነው?»

«እንግዲህ» አለ አያ ደመቀ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ «ከተኛሁ ጀምሮ አንዲትም አልወጣችልኝ።»

ዶክተር ኢዮስያስ ሊቆጣ ሞከረ። ከልቡ ሞከረ። «ይኼ ቀልድ አይደለም! አንጀት ሳይሠራ መብላት ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ? ይኼኛውን በከንቱ ልንከፍት፣ ያኛውን ደግሞ...» አለና የመሪጌታን የተቆጣ ጺምና ከአፍንጫቸው የሚወዛወዘውን ቱቦ ሲያይ ቃሉ ጠፋበት። ሰዓቱን አየ፤ ሰዓቱም አላዳነውም። ፊቱን በካርዱ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ሁሉም አየ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ሲስተር ቃልኪዳን የግሉኮስ መስቀያ ላይ ተንጠለጠለች። ጌትነት ትራሱን ሆዱ ላይ አቅፎ፣ «ስፌቴን! ኧረ ስፌቴን! ሰው በሳቅ ይቀደዳል!» እያለ ያለቅሳል።

«እኔማ ያኔውኑ አውቄው ነበር» አሉ ወይዘሮ ለተ ማርያም፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «በምን አወቅሽ?»

«ስንት ዓመት አብረን ተኛን! በእንቅልፍዎ ስሰማው የኖርሁት አይደል? አጨራረሱ ላይ አዘን ይላል።»

መሪጌታ እጃቸውን ወደ ጥምጥማቸው ሰደዱ። ዕድሜ ልካቸውን ከጥዱ ኋላ የሄዱለት ክብር በየሌሊቱ ሲፈርስ መኖሩን አሁን ነው የሚሰሙት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽም?»

«እርስዎ ዝም ሲሉ እኔ ምን ብዬ? ፈርሙ ቢሉኝ ግን ልናገር ነበር፤ ማርያምን!»

አቶ መዝሙር ከበሩ ወደ አልጋው ተጠጉ። የተተኮሰው ኮታቸው በሳቅ ተጨማድዷል። «መሪጌታ፣ እኔም ሐሞቴ የወጣልኝ ጊዜ እዚሁ ክፍል ተኝቻለሁ» አሉ። «ባለቤቴ ምን ያደረገች ይመስልዎታል? ለዘመድ ሁሉ ደወለች። የአዲስ አበባ አክስቴ እንኳን ደስ ያለህ ብላኛለች። ልጆቼ እስከ ዛሬ ያንን ቀን ያከብሩብኛል።»

መሪጌታ አቶ መዝሙርን አዩ። ስለ ዝናብ ያልሆነ ነገር ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነው። በሆዳቸው ሥር፣ ስፌቱን እየኮረኮረ፣ ሳቅ ሲወጣ ተሰማቸው። ሊያፍኑት ሞከሩ፤ ይህም እንደዚያኛው አልታዘዘም። ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣ ጥምጥማቸው ወደ ጆሯቸው ተንሸራትቶ፣ ሳቁ። ወይዘሮ ለተ ማርያም ባላቸው እንዲህ ሲስቁ ያዩት ከሠርጋቸው ወዲህ አልነበረም።

«ይበቃል፣ ይበቃል» አለ ዶክተር ኢዮስያስ ዓይኑን እየጠረገ። «ሲስተር፣ የአያ ደመቀን ቱቦ እንመልስ። ምንም እንዳይቀምሱ። ሆዱ ካልቀለለ...»

አያ ደመቀ ግን አልሰማውም። ሳቁን በሆዱ ውስጥ ሊይዝ ሲታገል ፊቱ ቀልቶ፣ ዓይኑ ፈጦ ነበር። ከዚያ መያዙን ተወው። በአንድ ትልቅ ሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁም ብቻውን አልወጣም። ይኼኛው የሐዘን ዜማ አልነበረውም። ቁልቁል እንደሚወርድ የጭነት መኪና ነበር። የዛሪማ በሬዎች ቢሰሙት በደነበሩ።

ሁሉም በአንዴ ዝም አለ። የአልጋው ብረት ብቻ ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ።

ሲስተር ቃልኪዳን ወገቧን ይዛ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ቆመች። «አሁን እውነቱን ነው የምፈልገው» አለች። «ይኼ የማን ነው?»

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ውለታ መላሽ ልባቸው «የእኔ ነው» ሊያሰኛቸው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አያ ደመቀ ቀደማቸው።

«እንዳይነኩብኝ የኔታ!» አለ፣ ግሉኮስ የተሰካበትን እጁን ከፍ አድርጎ። «ይኸኛውስ የራሴ ነው!»

ዶክተር ኢዮስያስ ሆዱን መታ መታ አደረገ። የከበሮው ድምፅ ረግቧል። ማዳመጫውን አስቀመጠ፣ ሰማ፣ ፈገግ አለ። «ቱቦው ይቅር» አለ። «ለዛሬ ሻይ ብቻ፤ አጥሚቱ ነገ። ለሁለቱም።»

እልልታው ሲነሣ ብርቄ ጀመረችው፣ ወይዘሮ ለተ ማርያም ተቀበሏት፣ ነጭ ጋዋን የለበሱት ልጆችም እስክርቢቷቸውን ከፍ አድርገው አቀለጡት። የተማረ እልል ማለት አይችልም ያለ ማን ነው? ድምፁ በመስኮቱ ወጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

ሲስተር ቃልኪዳን የመሪጌታን ቱቦ አውጥታ ሻዩን በእጃቸው ሰጠቻቸው። ብርጭቆው ሞቃት ነው። መሪጌታ ባረኩት፤ ግማሹን ቃል በግእዝ፣ ግማሹን በሳቅ። የመጀመሪያውን ጉንጭ አፋቸው ውስጥ ትንሽ ይዘው ቆዩና ዋጡት፤ ስኳሩ እስከ ጆሯቸው ጣፈጣቸው።

የኮሪደሩ ጥበቃ በሩን በርግዶ ገባ። «ኧረ በሕግ አምላክ!» አለ። «ዛሬ ደግሞ ማን ወለደ?»

መሪጌታ ዕንባቆም ጥምጥማቸውን አቃኑ። ብርጭቋቸውን ወደ ቀኝ አልጋ አነሡ፤ አያ ደመቀም የራሱን አነሣ።

«እኔና አያ ደመቀ ነን» አሉ። «ሁለታችንም ደኅና ነን።»